ለአውሮፕላኗ የሰፋሁት ልብስ

ንጉሡ ከዙፋን ከመውረዳቸው ጥቂት ዓመታት በፊት፣ ከቡታጅራ ወጣ ብሎ ባለው የሣር ሜዳ ላይ አንዲት ትንሽ አውሮፕላን ታርፍ ነበር። መኪና ወደማይደርስባቸው የቆላ መንደሮች መድኃኒት ታደርሳለች፤ ስትመለስ በሽተኛ ይዛ ትመጣለች። አብራሪዋ ከሰሜን የመጣ ወጣት ነበር። ከተማው ሁሉ «ካፒቴኑ» ይለዋል።

እኔ ያኔ ሃያ ዓመት እንኳ አልሞላኝም። አባቴ ገበያው ዳር ሱቅ ነበረው፤ የጭነት መኪና ሸራ፣ የነጋዴ ድንኳን፣ የኮርቻ ልብስ እንሰፋለን። እናቴ ከሞተች ወዲህ ሁለተኛው የስፌት መኪና ላይ የምቀመጠው እኔ ነበርኩ።

ሰኔ እንደገባ ካፒቴኑ የተቀዳደደ ላስቲክ በብብቱ ይዞ መጣ።

«አሰላሙ አለይኩም፣ አባቴ» አለ። ሰላምታውን ከገበያተኛው ነበር የለመደው።

አባቴ ደስ አለው። «ወአለይኩም ሰላም፣ ልጄ። ቁጭ በል። ምን ገጠመህ?»

«አውሮፕላኔ ቤት የላትም። ክረምቱን ሙሉ ሜዳ ላይ ማደሯ ነው። ይህን ላስቲክ ከአዲስ አበባ አምጥቼ አለበስኳት፤ ፀሐይ አደረቀው፣ ነፋስ ቀደደው። የባሰው ደግሞ ከሥሩ ላብ ይይዛል። ጠዋት ስገልጠው ውስጧ እንደታጠበ ነው።»

«ታዲያ የመኪና ሸራ ነዋ!» አለና አባቴ ከሁሉ የወፈረውን ጎትቶ አወረደ። «ይሄን በረዶ አይበግረውም።»

ካፒቴኑ አንዱን ጫፍ አንስቶ ሳቀ። «ይህን ከጫንኩ በሽተኛውን የት ላስቀምጠው? በሄድኩበት ይዤው የምዞር ነው እኮ። ደግሞ ሻካራ ነው። መስታወቷ እንደ ቤት መስታወት አይደለም፤ አቧራ የያዘ ጨርቅ ሲያሸው ይጫጫራል። ከዚያ ፀሐይ ፊት ለፊት ስትመጣብኝ ዕውር ሆንኩ ማለት ነው።»

«ከውስጥ ገበር ቢኖረውስ?» አልኩ። ሳላስበው ነው ያመለጠኝ።

ዞር ብሎ አየኝ። «ምን ዓይነት ገበር?»

«ፍላኔላ፤ የሕፃን ልብስ የሚሰፋበት። መስታወቱ ጋ ብቻ።»

በዚያው ተጀመረ። አባቴ ቀጭን የጥጥ ሸራ በቀለጠ ሰም አሸና ከወፍራሙ ሸራና ከአዲስ ላስቲክ ጋር ለውድድር አቀረበው። ጓሮ ውስጥ ሦስት የእንጨት ሣጥን ደረደርን፤ በእያንዳንዱ ውስጥ ደረቅ ጨርቅ አኑረን ከላይ አለበስናቸው። ዝናቡ ሲወርድባቸው ያድራል፤ ጠዋት ካፒቴኑ ይመጣና አንድ ላይ እንገልጣለን። የወፍራሙ ሸራ ሣጥን ደረቅ ነበር፤ ሸራው ግን ውኃ ጠጥቶ ለሁለት ሰው የሚከብድ ሆነ። ላስቲኩ ዝናቡን መለሰ፣ ነገር ግን ከሥሩ አላበው። በሰም የታሸው በስፌቱ በኩል ብቻ ጥቂት አስገባ።

«ስፌቱን ደርበን ሰም እንጨምርበታለን» አለ አባቴ።

እኔ ግን የሸራው ነገር ቶሎ እንዲወሰን አልፈለግሁም። ጠዋት ጠዋት ጫማው ጭቃውን ሲረግጥ ለመስማት ጆሮዬን አቁሜ እጠብቅ ነበር። ሳይመጣ ሲቀር ሣጥኖቹን ብቻዬን መግለጥ ያስጠላኛል።

የአውሮፕላኗን ልክ የምንወስድ ዕለት አክስቴ አብራኝ ሜዳው ድረስ ሄደች። ጃንጥላዋን ዘርግታ ሣሩ ላይ ተቀመጠችና ዓይኗን ከእኛ አልነቀለችም። ካፒቴኑ የሜትሩን ጫፍ ክንፏ ላይ ይይዛል፣ እኔ ሌላውን ይዤ እስከ በሯ እሄዳለሁ። ከዚያ ሞተሩን፣ ከዚያ ጭራዋን ለካን። የመስታወቱን ጉብታ ከውስጥ እንዳየው ግቢ አለኝና መቀመጫዋ ላይ ወጣሁ። የቤንዚንና የቆዳ ሽታ አላት። ፊት ለፊቴ ዘቢዳር ተራራ ጉም ለብሶ ቆሟል።

«ከላይ ሲያዩት ምን ይመስላል?» አልኩት።

«መጀመሪያ እንሰቱ ብቻ ነው የሚታይሽ። ከዚያ ጉሙ ውስጥ ትገቢያለሽ፣ ምንም የለም። ከዚያ ድንገት ብርሃን ነው።» ሜትሩን እየጠቀለለ «እስከ መቼ ነው እርስዎ የምትይኝ?» አለ።

«ሁልጊዜ» ብዬ ሳቅሁ። አክስቴ ከሣሩ ላይ ጉሮሮዋን ጠረገች።

ልብሱ አልቆ አውሮፕላኗ በለበሰች በሳምንቱ ገደማ፣ የእንሰቱን ቅጠል እንደ ፈትል የተለተለ በረዶ ወረደ። እንዳባራ አባቴና እኔ ወደ ሜዳው ሮጥን። ካፒቴኑ ቀድሞን ደርሶ ማሰሪያዎቹን እየፈታ ነበር። ልብሱን ገልጦ መዳፉን መስታወቱ ላይ አሳረፈ፤ በሩን ከፍቶ መቀመጫውን ዳሰሰ። ከዚያ ወደ አባቴ ሳይሆን ወደ እኔ ዞሮ «ደረቅ ነው!» አለኝ። እንዲያ ያለ ደስታ በሰው ፊት ላይ በእኔ ምክንያት አይቼ አላውቅም ነበር።

በደስታው መሐል አባቴን ጠየቀው። «አንድ ቀን አገሩን ከላይ ላሳያት፣ አባቴ። ከተማውን ዞረን እንመለሳለን።»

አባቴ ጭቃውን እያየ ፈገግ አለ። «ልጄ፣ ሰማዩ የአላህ ነው። ይቺ ግን እኔ ዘንድ ያለች አደራ ናት።»

በቁጣ አልነበረም። ቢቆጣ ይቀለኝ ነበር።

ዝናቡ ሲያቆም አንድ ቀትር ላይ፣ አባቴ ለሶላት መስጊድ ሄዶ ሳለ፣ ካፒቴኑ ሱቁ በር ላይ ቆመ።

«ሽማግሌ ብልክስ?» አለኝ።

የስፌት መኪናዬን መርገጤን ተውኩ። እሱ ክርስቲያን ነው፣ እኔ እስላም። አባቴ ይወደው ነበር፤ እምቢ ማለትም ግድ ይሆንበታል።

«አባቴን እዚያ ጭንቅ ውስጥ አይክተቱብኝ» አልኩት።

«አንቺስ?»

ክሬ ተበጥሶ ነበር። መርፌዋ ላይ አጎንብሼ ለመሰካት ሞከርኩ፤ ቀዳዳዋ አልታይ አለኝ። ቀና ስል አሁንም እዚያው ቆሟል። «ገባኝ» አለና ሄደ። ምን እንደገባው እስካሁን አላውቅም።

በበጋው ወደ ምሥራቅ ተዛወረ። አባቴ ሊሸኘው ሜዳ ድረስ ሄደ። እኔ ሱቅ ጠበቅሁ።

ዓመት አልፎ ወልቂጤ ላለ የጨርቅ ነጋዴ ተዳርኩ። ደግ ሰው ነው፤ የስፌት መኪናዬን ይዤ እንድመጣም የፈቀደ እሱ ነው። አንድ ቀን የማላውቀው ወጣት አብራሪ የአውሮፕላኑ ልክ የተጻፈበት ወረቀት ይዞ ሱቃችን ገባ።

«ቡታጅራ አባትሽ ጋ ሄጄ እዚህ ላኩኝ። ምሥራቅ አብሮኝ የሚሠራ ካፒቴን ነው፣ ከእሷ ሌላ እንዳታሰፋ ያለኝ።»

«ደህና ናቸው?» አልኩ።

«ደህና ነው። አግብቷል፤ ሴት ልጅም ወልዷል።»

«አልሐምዱሊላህ» አልኩ። ከልቤ ነው ያልኩት። የምጠይቀው ብዙ ነበረኝ። አፌ ላይ የመጣው ግን የልብስ ሰፊ ጥያቄ ነው፦ «አገሩ ዝናብ ነው ፀሐይ?»

«ፀሐይ ነው። አሸዋ የሚያነሳ ነፋስም አለው።»

እንግዲያስ ሰም አይሆንም፤ ፀሐዩ አቅልጦ መስታወቱ ላይ ያወርደዋል። ነጭ የጥጥ ሸራ መረጥኩ፤ አሸዋ እንዳይሾልክ ጠርዙን አጥብቄ፣ ፍላኔላውን ደርቤ ሰፋሁ። አውሮፕላኗን አላየኋትም። የክንፏን ልክ ከወረቀቱ እያነበብኩ፣ ሜትሩን በሌላው ጫፍ ማን ይዞት እንደነበር አስብ ነበር።

ወጣቱ ልብሱን ይዞ በሄደ ማግስት ከአማቴ ጋር ገበያ ነበርኩ። የሞተር ድምፅ መጣና በላያችን አለፈ። ገበያተኛው ሁሉ ቀና አለ። እኔ ሽንኩርት መምረጤን ቀጠልኩ።

ቤት ስንገባ አማቴ ዘንቢሉን ገልብጣ አየችና «ዛሬ ምን ነካሽ፣ ልጄ? ግማሹ የበሰበሰ ነው» አለችኝ።