አደራ በላውና የማሾ በቆልት

በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ፣ ቶሮንቶ ብሉር ጎዳና ላይ፣ በአንዲት ኮሪያዊት አሮጊት አትክልት ቤት እሠራ ነበር። ከሁሉ ቶሎ የሚበላሽብን የማሾ በቆልት ነው፤ ጠዋት ነጭ፣ ማታ ዝልግልግ። በኮሪያኛ የሚጠሩት በሰው ስም መሆኑን ሰምቼ፣ አንድ ቀን ለምን እንደሆነ ጠየቅኳቸው።

«የከዳተኛ ስም ነው» አሉኝ በቁርጥርጥ እንግሊዝኛቸው። ከአምስት መቶ ዓመት በፊት ንጉሣቸው የልጅ ልጁን ለባለሟሎቹ አደራ ሰጥቶ ሞተ። ልጁ ነግሦ ሳለ አጎትየው ዙፋኑን ነጠቀው። ስድስት ባለሟሎች ልጁን ሊመልሱ ዶልተው፣ ተሰቃይተው ሞቱ። አንዱ ግን ለቀማኛው ሰገደና ሹመት በላ። ንጉሥ በአደባባይ አይሰደብ ነገር፣ ሕዝቡ ቶሎ የሚሸተውን በቆልት በከዳተኛው ስም ጠራው። «ሊጥ ውስጥ ልንጠቀልለው ስንከትፈው፣ አንምረውም» አሉና ሳቁ።

እኔም የራሴን አደራ በላ ነገርኳቸው። አዲስ አበባ ጎረቤታችን ነበር። አባቴ ሲያጣጥር የወንድሜን እጅ አስጨብጦ «አደራህን» ቢለው፣ «እኔ ቆሜ ማን ይነካዋል!» ብሎ ማለ። ዓመት ሳይሞላ፣ በቀይ ሽብሩ፣ የቀበሌ ሹም ሆነና የወንድሜን ስም በገዛ እጁ ጽፎ ሰጠ። ወንድሜ አልተመለሰም። እሱ ግን ቶሮንቶ ደረሰ፤ እንደኛው ስደተኛ ነኝ ብሎ! ይኸው ከረባቱን አንቆ ቤተ ክርስቲያን ፊት ፊት ይቆማል።

እሑድ የሐበሻ ማኅበራችን ኤሌክሽን፣ የመሪ ምርጫ፣ ነበር። ስሙ ከተነሣ ልናገር ቆርጬ ሄድኩ። አንድ ሽማግሌ ጠቆሙት፤ «እንግሊዝኛ ይችላል፣ ፎርም ይሞላል» ብለው። መሙላቱንስ ይችልበታል! ግማሹ ሰው ጉዱን እያወቀ ጣሪያ ጣሪያ ያያል። «ያለፈው አለፈ፣ በሰው አገር ገመናችንን አናውጣ» ይላል። ቱ! እኛም ሰው ተብለን! ድምፅ እጅ በማንሣት ሲሰጥ አጠገቤ ያሉት ሴትዮ በክርናቸው ጎሸም አደረጉኝ። «ምነው ልጄ፣ ብቻሽን? ነውር ነው» አሉኝ። እኔ ባለምላሷ፣ ይሉኝታ ያዘኝ።

ሰኞ የተበላሸውን በቆልት ስለቅም አሮጊቷ መጡ።

«እናንተስ ከዳተኛችሁን ምን ብላችሁ ጠራችሁት?»

«ሊቀ መንበር» አልኳቸው።

አልሳቁም። «ማነው የመረጠው?» አሉ።

እጄን አነሣሁ። የሸተተው በቆልት ጣቶቼ ላይ ተጣብቆ ነበር።