የኦቦ ገመቹ በረኛ

ባለፈው ቅዳሜ ቤተሰብ ልጠይቅ ወደ ሰበታ ስሄድ፣ ሚኒባሱ ውስጥ «ወራጅ አለ» ማለት አፍሬ ሰፈሬን አለፍኩ። ዩኒቨርሲቲ ተምሬ፣ ሥራ ይዤ፣ ዛሬም እንዲህ ነኝ። ሌላ ሰው ሲወርድ ተከትዬ ወረድኩ። ቀና ስል የድሮው ሜዳችን ጋ ነኝ። ሜዳው ግን የለም፤ ፎቅ ቆሞበት እርጥብ ሲሚንቶ ይሸታል። ያኔ ከዝናብ በኋላ የሚሸተን የረገጥነው ሣር ነበር።

እዚያ ሜዳ ላይ የሴት ልጆች ቡድን ነበረን። አሰልጣኛችን ኦቦ ገመቹ በወጣትነታቸው የአንድ ጨርቅ ፋብሪካ ቡድን በረኛ ነበሩ። ጉልበታቸው ተጎድቶ ጫማ ሲሰቅሉ የፋብሪካው ጥበቃ ሆኑ፤ ከሥራ ሲወጡ እኛን ያሠለጥናሉ። ሌባ ጣታቸው ድሮ ኳስ መትቷት እንደተጣመመች ቀርታለች። በእሷ «ወደዚያ ሩጪ!» ሲሉን ወዴት እንደሆነ ግራ ይገባን ነበር።

እኔን በረኛ አደረጉኝ። ኳስ መያዙ አላቃተኝም፤ መጮኹ ነው ያቃተኝ። «በረኛ ዝም ካለ ቤቱ ክፍት ነው» ይሉኝ ነበር። ከቡራዩ ልጆች ጋር የተጫወትን ዕለት ጓንቱን ይዘው ቆሙ።

«ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ዛሬ ካልጮኽሽ ነገ ጓንቱን ለሌላ ልጅ ነው የምሰጠው።»

ተከላካያችን ጫልቱ ሳቀች። «ኦቦ፣ ይቺ እኮ ላሟን ስትጠራ ተፍኪ ድረስ ይሰማል!»

አንገቴን ደፋሁ። ሰው ፊት መቆም የማያስፈራኝ እዚያ ግብ ውስጥ ብቻ ነበር፤ እሱንም ላጣው ነው።

አንድ ለዜሮ እየመራን፣ ጨዋታው ሊያልቅ ሲል ከፍ ያለች ኳስ መጣች። ጫልቱ ፀሐይ ዓይኗን ወግቷት ወደ ራሳችን ግብ ልትገጫት ተነሣች። «ልቀቂያት!» ማለት ነበረብኝ። ከአፌ የወጣው ግን «ቡሬ! ቡሬ ኮቱ!» ሆነ፤ ማታ ማታ ላማችንን ቡሬን «ነይ ግቢ» የምልበት ጥሪ። ጫልቱ ደንግጣ ጎንበስ አለች። ኳሷ እጄ ገባች። ሜዳው በሳቅ ፈረሰ። ኦቦ ገመቹ እንባቸውን እየጠረጉ «ጎሽ! ላሟ ባትመጣ ኳሷ መጣች!» አሉ። ጓንቱም እኔ ጋ ቀረ። ጫልቱ እስከ ዛሬ ስታገኘኝ «እምቧ!» ትለኛለች።

ቅዳሜ ዕለት ከፎቁ ጀርባ፣ ኦቦ ገመቹን በራቸው ላይ ተቀምጠው አየኋቸው። ቀረብ ብዬ «ኦቦ፣ አካም ጅርቱ?» አልኩ። አልዞሩም። ደገምኩት። ዘንድሮ ጆሯቸው እንደከዳቸው ቤት ነግረውኝ ነበር። መንገዱ በሰው ተሞልቷል፤ ልመለስ አሰብኩ። ከዚያ ዓይኔን ጨፍኜ፣ ባለኝ ድምፅ ሁሉ ጮኽኩ።

«ቡሬ! ቡሬ ኮቱ!»

መንገደኛው ሁሉ ዞረ። እርሳቸውም ዞሩ። ያቺን የተጣመመች ጣት ወደ ጎረቤት አጥር ቀሰሩ፤ እኔን ማለታቸው እንደሆነ ግን አላጣሁትም።

«በረኛዬ!» አሉ።