ቀይ እግሩ ስናር

የምወዳት የሕሊና እናት እትዬ የብርጓል ማረም ይወዳሉ ብል ያንሳል። አረም ሲያዩ ያብዳሉ! ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ሦስት ልጅ ያሳደጉት በዚሁ ማሳ ነው። ደምበጫ ዙሪያ ባለው ቀበሌያቸው የስንዴ አረም ወንፈል ያለ እሳቸው አይጀመርም። ነሐሴ ላይ ጭቃው እግር ሲውጥ፣ የዝናብ ገሳቸውን ደርበው ከሴቶቹ ፊት ይቆሙና "እግሩ ቀይ የሆነውን ንቀሉ! አረንጓዴው ስንዴ ነው!" እያሉ ያዝዛሉ። ስንዴ መስሎ የሚበቅለው ስናር ከሥሩ በላይ ቀላ ስለሚል ነው። ሠላሳ ዓመት እንዲህ አረሙ።

መስከረም ሲጠባ ግን ጉድ ነው! ስናሩ ከስንዴው በላይ አንገቱን አውጥቶ ይንዘረፈፋል። እሳቸውም በየዓመቱ ሌላ ጥፋተኛ ያገኛሉ፤ አንዴ ወፍ፣ አንዴ የጎረቤት ዘር፣ አንዴ የወንድማቸው የጋሽ እንዳላማው አህያ። የዚያ አህያ ስም ስንቴ ጠፋ መሰላችሁ!

እኔ ጌቱ እባላለሁ፤ የአርባ ምንጭ ልጅ ነኝ፣ እዚህ ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ሕሊናን ከመውደዴ የተነሣ እንቅልፍ አልነበረኝም። ሽማግሌ ልላክ ስል እናትየው "መጀመሪያ አረም ላይ ልየው" አሉ። ጋሽ እንዳላማው ግን ሳያዩኝ ፈርደዋል፤ "ከዚያ ሁሉ አገር ማዶ የመጣ ሰው ምኑ ይገጥመናል? ዘራችንን ከማን ጋር ልናደባልቅ ነው?" ብለዋል።

ሄድኩ። ጎንበስ ብዬ ነቀልኩ፣ ነቀልኩ... የነቀልኩት ለካ ስንዴ ኖሯል! ሴቶቹ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። ሕሊናም ከዳችኝ፤ አብራ ሳቀች። ጋሽ እንዳላማው "ይኸው! ስንዴና ስናር የማይለይ አማች!" ሲሉ ደሜ ፈላ። አጎንብሼ ቡቃያ በቡቃያ መመርመር ያዝኩ፤ አንዷን ነቅዬ እትዬ ፊት ዘረጋሁ።

"ይቺም እኮ ስናር ናት፣ እትዬ። እግሯ አረንጓዴ ቢሆንም ጆሮ የላትም። ስንዴ ቅጠሉ አገዳውን የሚያቅፍበት ቦታ ላይ ትንንሽ ጆሮ አለው። ይቺን ያረቧት ደግሞ እርስዎ ነዎት!"

"እኔ? ስናር? አረባሁ?"

ምነው ምላሴን በቆረጠው! ሕሊናን በገዛ አፌ ያጣኋት መሰለኝ። ቃሉ አንዴ ከአፌ ወጥቷልና ቀጠልኩ።

"ቀዩን በየዓመቱ ነቀሉት። አረንጓዴ ሆኖ የተፈጠረው ጥቂቱ ከእጅዎ አመለጠና ዘሩን ጣለ። ልጆቹም እሱን መሰሉ። ካላመኑኝ ከገደሉ ማዶ ያለውን የግጦሽ መሬት እንይ፤ እዚያ የሚያርም የለም።"

ማን ያቁማቸው! ቀሚሳቸውን ሰብሰብ አድርገው ገደሉን ተያያዙት። ሰው ሁሉ እየተንሸራተተ፣ እየወደቀ፣ እየተሳሳቀ ተከተለ። ማዶ ሲደርሱ ተንበርክከው ጆሮ የሌለውን እየፈለጉ ነቀሉ። ቀይ። ነቀሉ። ቀይ። አሁንም ቀይ! ብዙ ለፍተው አንድ አረንጓዴ ብቻ አገኙ። ከዚያ ጭቃው ላይ ዘፍ አሉና ሳቃቸውን ለቀቁት።

"ወይኔ ልጄ! ዕድሜዬን ሙሉ መደበቅ ሳስተምረው ኖርኩ! ያን ምስኪን አህያ በከንቱ አማሁት!"

እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። እኔም ነፍሴ መለስ አለች።

ሳቁ በረድ ሲል "ታዲያ የእኔ ስናርና የማዶው አሁን ዘራቸው ሌላ ነው?" ብለው ጠየቁኝ።

"ገና ነው። ገደሉ ለይቷቸው፣ ወዲህ የእርስዎ እጅ፣ ወዲያ ብርዱና ከብቱ እየመረጣቸው እጅግ ብዙ ዘመን ከቆዩ፣ አንድ ቀን ቢገናኙ እንኳ አይዋለዱም። ያኔ ሁለት ዓይነት ሆኑ ማለት ነው።"

እትዬ አሰብ አደረጉ። "የአርባ ምንጭ ሰውና እኛስ ከተለያየን ስንት ጊዜያችን ነው?"

"ኧረ ምንም አልተለያየንም! በዚህ ሒሳብ ትናንት ነው።"

ጋሽ እንዳላማው ፊታቸውን ቋጠሩ። "አንተ ስላልክ ብቻ? ይሄ በምን ይታወቃል?"

እትዬ የብርጓል ጭቃውን ከቀሚሳቸው እያራገፉ ተነሡና ወደ እኔ ዞሩ።

"ሽማግሌህን እሑድ ላክ። የልጅ ልጄን አዝላችሁልኝ ስትመጡ፣ ወንድሜ ራሱ አቅፎ ይየውና ይፍረድ።"