ክዳኗ ያልተነካ ብልቃጥ

በአሥራ ሦስት ዓመቱ የድንጋይ ካባ ተንዶበት ሁለት ቀን ሙሉ ከፍርስራሹ ሥር ቆየ። ነፍሱ ብትተርፍም ግራ እግሩ እንደ ድሮው አልሆነለትም። ሸክም ስለማይችል አጎቱ ደጅ ጠንቶ አንድ የምርምር ላቦራቶሪ ውስጥ ጠርሙስ አጣቢ አስደረገው። ፊደል የቆጠረው በሠላሳ ዓመቱ ነው፤ የጠርሙሶቹን ጽሑፍ እየገጣጠመ። «ዶክተር ጠርሙስ» እያሉ ሲስቁበት ኖረው፣ ሃምሳን ሲሻገር ናሙና አዘጋጅ ሆነና ሳቁ ቀረ።

ያኔ ነው አንዲት ወጣት ተመራማሪ የመጣችው። ሴሎች መልእክት ሲቀባበሉ ፕሮቲን ላይ ትንሽ የፎስፌት ምልክት ይለጥፋሉ፤ የእሷ አንቲቦዲ ምልክቱ ያለበትን ፕሮቲን ብቻ ለይቶ ይይዛል። ችግሩ፣ ሴሉ ሲፈርስ የራሱ ኤንዛይሞች ምልክቱን ጠራርገው ያነሱታል። ስለዚህ ሥራው በረዶ ላይ ነው፤ ከአንዲት ብልቃጥም ኤንዛይሞቹን የሚያግድ መከላከያ ጠብ ይደረግበታል።

ከታማሚዎች የሰበሰበችውን ናሙና በሙሉ በአንድ ጠዋት አዘጋጀላት። ሌላ ለማግኘት ዓመት ይፈጃል።

ሦስት ጊዜ ሞከረችው። ፕሮቲኑ አለ፤ ምልክቱ ግን የለም። በማግስቱ እሱ ማቀዝቀዣውን ሲከፍት ብልቃጧን አያት፤ ክዳኗ አልተነካም። ያ የድሮ ሳቅ ጆሮው ላይ መጣበት። ብልቃጧን ኪሱ ከተታት።

ከሰዓት በኋላ መጣች።

«ጋሼ፣ አይቆጡኝና፣ መከላከያውን ጨምረውበታል አይደል?»

«ምን ማለትሽ ነው? እኔ እዚህ ቤት ስገባ አንቺ ገና አልተወለድሽም።»

«ውይ፣ ይቅርታ ጋሼ። እጄ ነው መሰለኝ ያበላሸው።»

«እንግዲያ እጅሽን ጠይቂያ» አላት። አብረው ሳቁ።

የላቦራቶሪው ኃላፊ ውጤቱን አይቶ «ሐሳብሽ ከመሠረቱ ስህተት ነው» ብሎ ሥራዋን ዘጋው። ዕቃዋን በካርቶን ይዛ ስትወጣ «ስላገዙኝ አመሰግናለሁ» አለችው። ወደ ምርምር አልተመለሰችም፤ አሁን መድኃኒት ቤት ተቀጥራ ትሠራለች።

ጡረታ በወጣ ሰሞን ሴት ልጁ «አባዬ፣ ከዚያ ሁሉ ዓመት ትልቁ ነገር ምን ነበር?» ብላ ጠየቀችው።

«ለአንዲት ወጣት ተመራማሪ ‹ረስቼዋለሁ› ማለት ነበር፤ አላልኳትም። ኃላፊው ናሙናው መበላሸቱን ቢያውቅ ሌላ እስኪገኝ ይጠብቃት ነበር። እኔ ግን ስሜን አተረፍኩና ሥራዋን ገደልኩባት። ይቅርታ የጠየቀችው ደግሞ እሷ ናት።»