የኔታ ጌም ቤት የገቡ ዕለት

ነገሩ የሆነው የዛሬ ሁለት ዓመት፣ ሐምሌ ላይ፣ ደባርቅ ውስጥ ነው። ከዚያ ወዲህ ስንት ቅዳሜ አልፏል፤ ያቺ አንዷ ግን ከአእምሮዬ አልወጣ ብላለች። ባስታወስኳት ቁጥር መጀመሪያ ሳቄ ይመጣል፤ ሳቄ ሲበርድ ደግሞ ደረቴ ይነፋል። መኩራራት ነው የሚለኝ ካለ ይበለኝ።

አባቴ የቅኔ መምህር ናቸው። ከተማው በሙሉ «የኔታ» ነው የሚላቸው፤ ዋና ስማቸውን የሚያውቅ ስለመኖሩ እጠራጠራለሁ። እኔ ደግሞ የእሳቸው ልጅ ሆኜ የምሠራው ጌም ቤት ነበር። ሙላት የሚባል የሰፈራችን ልጅ ከመናኸሪያው ጀርባ የከፈታት፣ ሦስት ቴሌቪዥን ያላት ጠባብ ቤት ናት። ጌም ቤት ሌላም አለ፤ የእኛን የሚለየው የቅዳሜው ፕሮግራም ነው። ቅዳሜ ከሰዓት፣ ውድድር ከመጀመሩ በፊት፣ አንድ አዲስ ጌም ደንበኛው ፊት እየተጫወትኩ ጥሩ ጎኑንና ድክመቱን እናገራለሁ። መጀመሪያ ሰሞን «ወሬውን ተይና ኳሱን ክፈቺልን» ይሉኝ ነበር። በኋላ በኋላ ወሬዬን ለመስማት ቀድመው መጥተው ቦታ የሚይዙ ተገኙ።

በዚያ ክረምት አዲስ አበባ የጌም አሠራር የሚያስተምር የአንድ ዓመት ሥልጠና አመልክቼ ተቀበሉኝ። መልእክቱን ስልኬ ላይ ሳነበው ጮኬ ሙላትን አስደነገጥኩት። የቀረው የአባቴ ቃል ብቻ ነበር። እሳቸው ሳይመርቁኝ ከደባርቅ አልወጣም፤ ብወጣም እግሬ እንጂ ልቤ አይሄድም።

እሳቸው ደግሞ አይሆንም አሉ።

«ታቹ ወደማይታየኝ አገር ልጄን አልጥልም» አሉኝ። «ደግሞስ ምን ልትማሪ? ጨዋታ?»

እናቴ ጣልቃ ገብታ «ኧረ ምን እንደምትሠራ እንኳ አይተው ይፍረዱ» አለቻቸው። እሳቸው ጋቢያቸውን ደርበው ወደ ተማሪዎቻቸው ወጡ። እሺ ይሁን እምቢ አልለየልኝም። ቀናት ሲያልፉ ረስተውታል ብዬ ተስፋ ቆረጥኩ።

በዚያው ሰሞን ሙላት አንድ ጌም አመጣ። ማስታወቂያ እንዳይመስልብኝ ስሙን ልተወው። ታሪኩ ከግሪኮች አፈ ታሪክ ተነሥቶ ገና ወዳልመጣ ዘመን፣ ወደ ጠፈር የሄደ ነው። አንዲት ጠፈርተኛ መርከቧ ይሰበርባትና ማንም የማያውቀው ዓለም ላይ ብቻዋን ትቀራለች። እየዘለለች፣ እየተንጠላጠለች፣ ፍርስራሹን ሁሉ እየበረበረች መውጫ ትፈልጋለች። ወዲህ ሂጂ፣ ወዲያ ሂጂ የሚላት የለም፤ ጨዋታው ፍለጋው ራሱ ነው። በመንገዷ የምታገኛቸው የግሪክ አማልክት ደግሞ ተራራ የሚያካክሉ አሮጌ ማሽኖች ናቸው።

ጌሙን ወደድኩት፤ አንድ ቦታ ላይ ግን ተገተርኩ። ድልድይ ይመጣል፣ ድልድዩ መሐል ላይ ይቆረጣል፣ ከሥሩ ነጭ ጉም ብቻ ነው። ግራ የለ፣ ቀኝ የለ። ቀናት ፈጀሁበት። ደንበኞቹም እየተቀባበሉ ሞከሩት። በመጨረሻ «ይሄ ጌም ተበላሽቷል» ብዬ ፈረድኩ፤ ቤቱ በሙሉ ተስማማ።

የሌላ አገር ልጅ ቢሆን ገና የመጀመሪያው ቀን ዘሎ ያየው ነበር፤ ጨዋታ ነው፣ ምን ይቀርበታል? እኛ ግን የሰሜን ተራራ ልጆች ነን። ጉም የሞላው ገደል ውስጥ ዝለል ቢሉት የሚዘል የደባርቅ ሰው የለም፣ በጆይስቲክም ቢሆን። መዝለል የሚባለው ነገር ለአንዳችንም ትዝ አላለንም።

ሐሙስ ረፋድ ላይ ዝናቡ ደንበኛ አስቀርቶ ብቻዬን ነበርኩ። ጠፈርተኛዋ ጨለማ ቦታ ስትገባ የምትወረውራት የምታበራ ትንሽ ኳስ አለቻት። እጄ ሥራ ሲፈታ አንዷን ወደ ጉሙ ወረወርኳት። ጠፋች። ወዲያው ጆሮዬ ላይ ካደረግኩት ማዳመጫ ውስጥ «ቷ!» የሚል ድምፅ መጣ።

ከመቀመጫዬ ብድግ አልኩ። ያንን ድምፅ አውቀዋለሁ።

ልጅ ሆኜ ከአባቴ ጋር ድብ ባሕር የምትኖረው አክስቴ ዘንድ ስንሄድ፣ የሊማሊሞን ቁልቁለት በእግር አቋራጭ ነበር የምንወርደው። ጉም ሲጥል አባቴ ይቆሙና ጠጠር አንሥተው ወደ ፊት ይወረውራሉ። «ስሚ» ይሉኛል። ትንፋሼን ይዤ እሰማለሁ። ጠጠሩ ቶሎ ቷ ካለ መሬት አለ፣ እንራመዳለን። ዝም ካለ ጉሙ እስኪገለጥ ቁጭ እንላለን።

ጠፈርተኛዋን አዘለልኳት። ከጉሙ ሥር ሰፊ አለት ነበረ፤ ከዚያ ወዲያ የጌሙ ትልቁ ክፍል ተከፈተልኝ። ለማንም ሳልናገር ለቅዳሜ አስቀመጥኩት።

ቅዳሜ ቤቱ ጢም ብሎ ሞላ። ልጀምር ስል በሩ ላይ የነበሩት ልጆች ድንገት ከመቀመጫቸው ተነሡ። ቀና ብዬ ሳይ ነጭ ጥምጣም ታየኝ። አባቴ ናቸው፤ ጋቢያቸውን አጣፍተው፣ ጭራቸውን ይዘው። ሙላት የሚይዘው የሚጨብጠው ጠፋበት፤ የራሱን ወንበር በእጅጌው ጠረገና «የኔታ፣ እዚህ ይረፉ» አለ። ተቀመጡ። ስክሪኑ ላይ ደግሞ አንድ የግሪክ ጣዖት ዓይኑን አፍጥጦ ያያቸዋል። ምነው የኳስ ጌም ሳምንት በሆነልኝ አልኩ።

«ይኸ ደግሞ ማነው?» አሉ በጭራቸው እያመለከቱ።

«የግሪኮች አምላክ ነው፣ አባባ። ማለቴ... ማሽን ነው። ባትሪው አልቆበት ነው የቆመው።»

«ባትሪው ያለቀበት ጣዖት!» አሉና ጥምጣማቸው እስኪነቃነቅ ሳቁ። ቤቱም ተከትሏቸው ሳቀ። ድክመቱን ዘልዬ ውበቱን ብቻ ላሳያቸው የሚል ሐሳብ መጣብኝ። ጌሙ ከተናቀ የእኔም መንገድ አብሮ የሚዘጋ መስሎኝ ነበር። ግን እነዚህ ልጆች በየሳምንቱ አምነውኝ ነው የሚመጡት፤ አባቴ ስለመጡ ብዬ ዛሬ ላታልላቸው አልሆነልኝም።

ከጥሩው ጀመርኩ። ዓለሙ ሰፊ መሆኑን፣ ከሩቅ ያዩት ኮረብታ ሁሉ በእግር የሚደረስበት መሆኑን እየዞርኩ አሳየሁ። አዘላለሏ የሰው አዘላለል መሆኑን፣ ስታርፍ ጉልበቷ እንኳ እጥፍ እንደሚል አሳየሁ። ነፋሱ በፍርስራሹ መሐል ሲያፏጭ አሰማኋቸው። አባቴ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው አዳመጡ።

ከዚያ ወደ ነቀፋው ሄድኩ። ካርታው የት እንደነበርክ አይነግርህም፤ ያንኑ መንገድ ደጋግመህ ስትዞር ትውላለህ። ከማሽኖቹ ጋር ያለው ውጊያ አንዱን ካየህ ሁሉንም አየህ ነው። የግሪኮቹን ታሪክ ደግሞ በጨዋታው ውስጥ ከማሳየት ይልቅ ግድግዳ ላይ በደቃቅ ጽሑፍ ጠቅጥቆታል፤ አፈ ታሪኩን አስቀድሞ የማያውቅ ሰው ከስም በቀር ይዞት የሚሄደው ነገር የለም። ይህን ስናገር የኔታን አላየኋቸውም፤ ማየት ፈርቼ ነው።

በመጨረሻ ድልድዩ ጋ ደረስኩ። ጠፈርተኛዋን ወደ ተቆረጠው ጫፍ አስጠጋኋት።

«አትሂጂ! ልጄ፣ ገደል ነው!»

አባቴ ናቸው። ወንበሩን ገፍተው ተነሥተው ትከሻዬን በሁለት እጃቸው ይዘውኛል፤ የምትወድቀው ጠፈርተኛዋ ሳትሆን እኔ የሆንኩ መስሏቸዋል። የሳቀ ሰው አልነበረም። ያንን ድልድይ ሁላችንም ፈርተነው ነበር።

«ስሙ፣ አባባ» አልኳቸው። ድምፁን ከፍ አድርጌ ኳሷን ወደ ጉሙ ወረወርኩ።

«ቷ!»

እጃቸው ትከሻዬ ላይ እንዳለ ቀረ። «መሬት አለ» አሉ ቀስ ብለው።

ዘለልኩ። ጠፈርተኛዋ አለቱ ላይ ስታርፍ ቤቱ በጩኸት ተናጋ። ሙላት ራሱ የዘለለ ይመስል ተሸከሙኝ ባይ ሆነ።

ጩኸቱ ጋብ ሲል ቀጠልኩ። «ይሄ ቦታ የጌሙ ምርጡም ነው፣ ትልቁ ድክመቱም ነው» አልኩ። «ድምፁን አሳምረው ሠርተውታል። ወርውረህ ስማ የሚል ፍንጭ ግን የትም አላስቀመጡም። ይህን ለማወቅ የሊማሊሞን ቁልቁለት የሚያውቅ አባት ያስፈልጋል። አባት ያላስተማረው ሰው ምን ያድርግ?»

የኔታ ተመልሰው ተቀመጡ። ጭራቸውን አንዴ ወዲህ አንዴ ወዲያ አገላበጡ። ከዚያ ተማሪ ቅኔ ሲነግራቸው በሚያወጡት ድምፅ፣ «ከነቀፍሽ አርሚያ! አንቺ ብትሠሪው ምን ታደርጊ ነበር?» አሉኝ።

ቅኔ ቤት ደንቡ እንዲህ ነው፤ አይሆንም ያለ፣ የሚሆነውን ያመጣል። ልጅ ሆኜ በግድግዳ ቀዳዳ ስሰማ ነው ያደግኩት። መልሱ አንደበቴ ላይ ነበር። ገና ጨዋታው ሲጀመር ጉልበት የማይደርስ ትንሽ ጉድጓድ ጉም አለብሰዋለሁ፣ ተጫዋቹ እዚያ ወርውሮ ድምፁን ይልመድ አልኩ። ካርታውንም ለመንገደኛው ትቼ፣ ያለፈበት ቦታ ድንጋይ ከምሮ ምልክት እንዲያደርግ እፈቅድለታለሁ አልኩ። ልጆቹ አጨበጨቡ። አባቴ አላጨበጨቡም፤ «ይህ ታርሟል» ብቻ አሉ። ቅኔ ቤት ያንን ቃል ለማግኘት ሳምንት የሚጾም ተማሪ አለ።

አብረን ወደ ቤት ሄድን። የግቢያችን በር ላይ ስንደርስ ቆም አሉ።

«ሥልጠናው መቼ ነው የሚጀምረው?»

የሄድኩት መስከረም ሲያልቅ ነው። ማለዳ መናኸሪያው ጉም ለብሶ የአውቶቡሱ መብራት እንኳ በጭላንጭል ነበር የሚታየው። እናቴ ታለቅሳለች። አባቴ በመስቀላቸው ባርከውኝ፣ መረቁኝ፣ ከዚያ ጎንበስ ብለው ከመሬት አንድ ጠጠር አነሡ። አውቶቡሱ ወደሚወጣበት መንገድ፣ ወደ ጉሙ ወረወሩት። ሁለታችንም ትንፋሻችንን ይዘን ሰማን።

ቷ አለ።

«መሬት አለ» አሉኝ። «ሂጂ።»

ዛሬ ሥልጠናውን ጨርሼ ከጓደኞቼ ጋር የመጀመሪያ ጌማችንን እየሠራን ነው። ሌሎቹ ሠሪዎች የሠራሁትን ሲያዩ፣ ስነቅፍና ሳርም ሲሰሙኝ፣ «ይህን ማን አስተማረሽ?» ይሉኛል። «የኔታ» እላለሁ። የሥልጠናው አስተማሪ ቅጽል ስም ይመስላቸዋል። አባቴ ናቸው ስላቸው ግን አያምኑኝም፤ እኔም እስኪያምኑኝ ድረስ ታሪኩን ከመጀመሪያው እነግራቸዋለሁ፤ ስነግራቸው እኮራለሁ።