የቃልኪዳን ገመና

ዳኜ ልጅ ሳለ ተስቦ ገብቶ አባቱንና እናቱን በአንድ ሳምንት ወሰደበት። እሱ ፀጉሩ ረግፎ፣ ግራ ጆሮው ደንቁሮ ተነሣ። አጎቱ ዘንድ አደገ፤ ከመካነ ብርሃን ወጣ ብላ በምትገኘው መንደራችን ገብስ እያረሰ ሦስት ልጆች አሳደገ። ከአንድ ቀን በቀር ሲቆጣ አላየሁትም።

ያን ቀን ከጎንደር የተነሣች ትንሽ የማሠልጠኛ አውሮፕላን ሞተሯ ጠፍቶ ከማሳው ላይ ወደቀች። እኔና ዳኜ ከዳገቱ ላይ ሮጠን ስንደርስ መንደሩ ቀድሞን ቆሟል። አሠልጣኙ ሞቷል። ተማሪዋ ቃልኪዳን እግሯ በብረት ተይዞ፣ ልብሷ እስከ ወገቧ ተቀዶ ደሟ ይወርዳል። ወጣቱ በስልክ ይቀርጻታል። ትልልቆቹ «ፖሊስ ሳይመጣ የነካት ፍርድ ቤት ሲመላለስ ይኖራል» ይባባላሉ።

ዳኜ ጋቢውን አውልቆ ሸፈናት።

«አያ ዳኜ፣ ትንሽ ወደ ጎን ይበሉ፤ ጋረዱን እኮ!» አለ ሰውአገኝ የሚባል ጎረምሳ።

«በዚያ ጆሮው አይሰማህም፤ ዞረህ ንገረው» አለ ሌላው። ሳቁ። ሬሳ ፊታቸው ተጋድሞ ሳቁ!

«ምነው ሰውአገኝ፣ እህትህ ብትሆን በየት በኩል ትቀርጻት ነበር?» አለ ዳኜ። «ና፣ ይህን ብረት ያዝ። የማይዝ ይሂድልኝ!»

ብረቱን በሞፈር ፈልቅቀን አወጣናት፤ እግሯን በመቀነት አስረን በቃሬዛ ተሸከምናት። መንገድ ላይ ዓይኗን ገልጣ «ሰው አየኝ?» አለች።

«ማንም አላየሽም፣ ልጄ» አላት ዳኜ።

ዳነች። እኔ ግን በሳምንቱ ጎንደር ወርጄ፣ አራዳ አንድ ሱቅ ውስጥ ያን ምስል ዘፈን ተጨምሮበት አየሁት። ባለሱቁ ብስኩት እያኘከ መልሶ መላልሶ ያየዋል። ደግሞ አንድ ሹም ካሜራ አስይዞ ዳኜን ሊሸልም መጣ። «ጋቢው ባይታጠብ ሸጋ ነበር፤ ደሙ ይታይ ነበር» አለ። ዳኜ በሩን ዘጋበት።

በቀደም «ካየኸው መከራ ሁሉ የትኛው ይከብድሃል?» ብዬ ጠየቅሁት። እንዲህ አለኝ፦

«የዚያች ልጅ ገመና። እግሯን ሐኪም ጠገነው፤ ገመናዋን አደራ የተቀበልሁት እኔ ነበርሁ። ማንም አላየሽም ስላት አምናኝ ዓይኗን ከደነች። እነዚህ ቀርጸው የበተኑት የማይረቡ ውሸታም አደረጉኝ።»