የመምህር ሙላት አንድ ሺህ ኳሶች

መምህር ሙላት አምበር ከተማ ላይ ፊዚክስ ማስተማር ከጀመረ አሥራ ስድስት ዓመቱ ነው። ደብረ ማርቆስ በክረምት እየተመላለሰ የጀመረው ማስተርስ ሁለት ጊዜ ተራዝሞለታል፤ ሦስተኛ የለም። ጽሑፉን ነሐሴ ሃያ ሦስት፣ አርብ፣ ካላስገባ ከመሰናዶ ወርዶ ዘጠነኛ ክፍል ይመደባል። ርዕሰ መምህሩ ቁርጡን ነግሮታል።

ጥናቱ ስለ ሙቀት ነው። ኮምፒውተር ውስጥ አንድ ሺህ ኳሶች በሚለጠጥና በሚኮማተር ሞላ ተያይዘው ይደረደራሉ፤ አንዱ ጫፍ ይግላል፣ ሌላው ይቀዘቅዛል። ኳሶቹ በሥርዓት ብቻ ከተወዛወዙ ሙቀቱ ያለ እንቅፋት ያልፋል፤ እውነተኛ ብረት ግን እንዲያ አይደለም። ስለዚህ በየመሀሉ፣ ዕጣ የወጣላቸው ሁለት ጎረቤታሞች ፍጥነታቸውን ይለዋወጣሉ።

ለባለቤቱ ለወለላ ሲያስረዳት፣ «ለቤተ ክርስቲያኑ ግንባታ ተሰልፈን ድንጋይ እንደተቀባበልነው ነው» አላት። «አልፎ አልፎ ሁለት ሰዎች የያዙትን ይለዋወጣሉ። ድንጋይ አይጠፋም፤ መንገዱ ግን ይንዛዛል።»

«ሰልፉ ሲረዝምስ?»

«እሱን ነው የምፈልገው።»

«እኔ ልንገርህ። ጫፍ ላይ ያለው ሰውዬ ድንጋዩ ሳይደርሰው ምሳው ይደርሳል።»

ዕጣው የሚወጣው ከአንድ መነሻ ቁጥር ነው። መነሻው ያው ከሆነ ዕጣውም በዚያው ቅደም ተከተል ይወጣል። ሙላት ሚካኤልን የሚዘክር ሰው ነውና አሥራ ሁለት ብሎ ጻፈ። ይህ ብቻውን ጉዳት አልነበረውም። የጎዳው መብራቱ ነው። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ፕሮግራሙ የተቀመጠለትን የኳሶች ቦታና ፍጥነት አንብቦ ካቆመበት ይቀጥላል፤ ዕጣውን ግን እንደገና ከአሥራ ሁለት ይጀምራል። ከግንቦት ወዲህ መብራት ሰባ አንድ ጊዜ ጠፍቷል።

ሰኞ ጠዋት የዕጣውን ዝርዝር ለጽሑፉ አባሪ ሲያትም፣ የኮምፒውተር ክፍሉ ኃላፊ እንዳላማው ወረቀቶቹን እያነሳ ሳቀ።

«ጋሼ፣ ይኼ ማተሚያ አርጅቷል። አንዱን ገጽ እየደጋገመ ይተፋል።»

ሙላት ተቀብሎ አየ። 417፣ 88፣ 903። ቀጣዩም 417፣ 88፣ 903። ቀኖቹ ይለያያሉ፣ ቁጥሮቹ አይለያዩም። ወንበር ስቦ ተቀመጠ፤ ዕጣ ያለው ከግንቦት ጀምሮ አንድ ዝርዝር ሲደጋገም ነበር።

«ማተሚያው ደህና ነው» አለ።

«ታዲያ ምኑ ነው?»

«እኔ ነኝ።»

አማካሪው ዶክተር አበረ፣ ሙላት ዱሮ ዘጠነኛ ክፍል ያስተማረው ልጅ ነው፤ ብቻቸውን ሲሆኑ ሙላት አንተ ይለዋል። ሙላት ደውሎ ነገሩን ነገረው።

«መምህር፣ ባይነግሩኝ ይሻል ነበር። ፈታኞቹ ፕሮግራሙን ገልጠው አያዩም።»

«ያልለካኸውን ጽፈህ ስታመጣ ዜሮ ሰጥቼሃለሁ።»

«አልረሳሁትም።» አልሳቀም። «እንግዲያው አራት ቀን አለን። አንድ ሺው በዚህ ጊዜ አያልቅም፤ ሰንሰለቱን ወደ ስልሳ ኳስ ያሳጥሩት።»

«በስልሳ ኳስ መልሱ አይለይም።»

«አውቃለሁ። ሌላ የምለው የለኝም።»

ሙላት ዕጣው የደረሰበትም አብሮ እንዲቀመጥ ፕሮግራሙን አስተካክሎ፣ ሰንሰለቶቹንም ቢበዛ ስልሳ ኳስ አድርጎ፣ በዚያው ሰኞ እንደገና አስነሳው። ረቡዕ መብራት ዘጠኝ ሰዓት ሙሉ ጠፋ። እንዳላማው ከምሳው ቀንሶ አመጣለትና፣ «ይብሉ እንጂ ጋሼ፣ ኳሶቹ እንደሆኑ አይርባቸውም» አለው።

አርብ ግራፉን ሠራ። ጥያቄው አንድ ነበር፦ ሰንሰለቱ ሲረዝም ሙቀት የማስተላለፍ አቅሙ አንድ ቦታ ይቆማል ወይስ ማደጉን ይቀጥላል? ነጥቦቹ ተበታትነዋል። ጠፍጣፋ መስመርም ያልፍባቸዋል፣ ሽቅብ የሚወጣም። ሦስት ጊዜ ሞከረው። ከዚያ መጨረሻው ገጽ ላይ «ከዚህ ርዝመት ማወቅ አልተቻለም» ብሎ፣ ሰባ አንድ ጊዜ የተደገመውን ስህተት ከነምክንያቱ ጽፎ፣ አሥር ሰዓት ላይ አስገባ።

ጳጉሜን ሁለት ዶክተር አበረ ደወለ። ፈታኞቹ ውጤት የለውም ብለው ጥለውታል። «ተሟግቼ ነበር፣ መምህር» አለ። ሙላት አመስግኖ ስልኩን ዘጋ።

ወለላ ከፊቱ ላይ አንብባዋለች። አጠገቡ ተቀመጠች።

«ሰው ሲጠይቀኝ ምን ልበል?»

«ወደቀ በያቸው።»

«አንተስ ለራስህ ምን ትላለህ?»

ከትምህርት ቤቱ ግምጃ ቤት የተረከበው የዘጠነኛ ክፍል መጽሐፍ ጭኑ ላይ ነበር፤ እስኪመሽ አልገለጠውም።